ቱሊፕ፣ ዳፎዲል ወይስ ሃያሲንት? በመጸው ተተክለው በጸደይ የሚያብቡ አበቦችን ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ኦክቶበር ሲገባ በአሜሪካና በአውሮፓ የአትክልት ዕቃ መደብሮች ደጃፍ ላይ በመረብ ከረጢት የታሰሩ፣ ሽንኩርት የሚመስሉ ነገሮች ይደረደራሉ። የተለጠፈባቸው ፎቶግራፍ ባይኖር የትኛው ቱሊፕ፣ የትኛው ዳፎዲል፣ የትኛው ሃያሲንት እንደሆነ ለመለየት የለመደ ዓይን ያስፈልጋል። ገዢው ታዲያ የሚመርጠው በፎቶግራፉ ነው፤ ስሕተቱም የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። ፎቶግራፉ አበባው በመጀመሪያው ጸደይ ባማረበት ሳምንት ምን እንደሚመስል ያሳያል እንጂ በሦስተኛው ዓመት ይኖር እንደሆነ፣ ሽኮኮ ይበላው እንደሆነ፣ ውኃ የሚቋጥር መሬት ይችል እንደሆነ አይናገርም።

እነዚህን ለማወቅ ከፎቶግራፉ ይልቅ የሚረዳው የአበባው የትውልድ አገር ነው። ሁሉም በበጋ ከመሬት በታች ይተኛሉ፣ በመጸው ሥር ይሰዳሉ፣ የክረምቱን ብርድ ይጠብቃሉ፣ ከዚያም ዛፎቹ ቅጠል አውጥተው ጥላ ሳያጠሉባቸው በፊት ያብባሉ። ይሁን እንጂ የበጋው ድርቀት ምን ያህል፣ የክረምቱ ብርድ ምን ያህል መሆን እንዳለበት አይስማሙም፤ እያንዳንዱ የሚፈልገው የወጣበትን ተራራ ወይም ሜዳ አየር ነው።

በዚህ ጽሑፍ «ራስ» የምለው ከመሬት በታች ያለውን ሽንኩርት መሰል ክፍል ነው፤ ገበያ ላይ «አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት» እንደምንለው። ክረምት ስልም የኢትዮጵያን የዝናብ ወቅት ሳይሆን የሰሜኑን ብርድና በረዶ ማለቴ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ራሴ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት በገዛሁበት ዓመት ሃምሳ ራስ ድብልቅ ቱሊፕ ገዝቼ፣ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ በሴፕቴምበር፣ በማንኪያ በሚመስል መትከያ ጣት በሚያህል ጥልቀት ቀበርኩ። በማግስቱ ጠዋት ግማሹ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ቡናማው ልጣጭ በሣሩ ላይ ተበትኖ አገኘሁት። ከሽኮኮ የተረፉት በጸደይ በእርግጥ አምረው አበቡ፤ በተከታዩ ዓመት ግን ከአንድ ሰፊ ቅጠል በስተቀር ምንም አላወጡም። በዚያው ግቢ የቀድሞው ባለቤት በፖስታ ሣጥኑ ሥር ተክሎት የሄደው ዳፎዲል ግን ማንም ሳይነካው በየማርቹ ያብባል። ከዚህ በታች የጻፍኩት ያ ልዩነት ከየት እንደመጣ ከገባኝ በኋላ ነው።

ቱሊፕ፦ ውበቱ የአንድ ጸደይ ነው

የዱር ቱሊፕ ዝርያዎች በብዛት የሚገኙት በመካከለኛው እስያ፣ በቲየን ሻንና በፓሚር ተራሮች አካባቢ ነው። እዚያ ክረምቱ መሬቱን ድንጋይ የሚያደርግ ውርጭ ሲሆን በጋው ደግሞ ጠብ የሚል ዝናብ የሌለበት ሐሩር ነው። ቱርኮች ይህን አበባ «ላሌ» ብለው ወደ አትክልት ስፍራቸው አስገቡት፤ በኢስታንቡል የነበሩ አትክልተኞችም የአበባው ቅጠሎች እንደ መርፌ የሾሉበትን ዓይነት ከሁሉ አብልጠው ወደዱ። በሱልጣን አሕመድ ሣልሳዊ ዘመን፣ ከ1718 እስከ 1730 ያለውን ጊዜ በኋላ የመጡ ታሪክ ጸሐፊዎች «የቱሊፕ ዘመን» ብለው ጠርተውታል። ቱሊፕ የሚለው የአውሮፓውያን ስም ራሱ ጥምጥም ከሚለው የቱርክ ቃል የመጣ ነው።

ወደ ምዕራብ አውሮፓ የገባው ቀደም ብሎ ነበር። የስዊዙ የተፈጥሮ ተመራማሪ ኮንራድ ጌስነር በ1559 በአውግስቡርግ ከተማ በአንድ ባለጸጋ ግቢ ያየውን ቀይ ቱሊፕ መዝግቧል። ካሮሉስ ክሉሲየስ ደግሞ በ1593 ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ የአትክልት ስፍራ ሲመጣ ያስተከላቸው ራሶች በ1594 ጸደይ አበቡ፤ ሆላንዳውያን የቱሊፕ ታሪካቸውን የሚቆጥሩት ከዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው በጥቂቱም ቢሆን ሰምቶታል። በ1636 እና በ1637 መካከል በነበረው ክረምት ነጋዴዎች ገና መሬት ውስጥ ተቀብሮ የነበረውን ራስ በወረቀት ውል ይሻሻጡ ጀመር፤ ዕቃውን ማንም ስላላየው ሆላንዳውያን ራሳቸው «የነፋስ ንግድ» አሉት። በፌብሩዋሪ 1637 መጀመሪያ አልክማር በተባለው ከተማ አባታቸው የሞተባቸውን ልጆች ለመርዳት በተደረገ ጨረታ የቱሊፕ ራሶች በድምሩ 90,000 ጊልደር ገደማ ተሸጡ፤ የአንድ ሙያተኛ የዓመት ገቢ በዚያን ጊዜ ወደ 300 ጊልደር ነበር። በዚያው ሳምንት በሃርለም ገዢ ጠፋና ዋጋው ተንኮታኮተ። ድንጋጤው አገሪቱን አደኸየ የሚለው ወሬ ግን በኋላ ዘመን የተጋነነ ነው፤ የተጎዱት በአብዛኛው ራሳቸው ተገበያዮቹ ነበሩ።

ለአትክልተኛ ከዋጋው በላይ ሊገርመው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ያን ያህል ገንዘብ የወጣባቸው፣ በነጭ ላይ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነበልባል የተረጨባቸው ቱሊፖች የታመሙ ነበሩ። በ1928 ዶሮቲ ኬይሊ የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ ሽንተረሩ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ አሳየች፤ ምክንያቱም የተክል ጭማቂ በሚመጡ ክሽክሽ በሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚተላለፍ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ቫይረሱ ቀለሙን ሲከፋፍል የቱሊፑን ራስ ያደክመዋል፣ ከእርሱ የሚወጡት ትንንሽ ግልገል ራሶችም ጥቂትና ደካማ ይሆናሉ፤ እጥረቱና ውድነቱ ከዚያው ከበሽታው የመጣ ነበር። ዛሬ ባለሸንተረር ሆነው የሚሸጡት በማዳቀል የተገኙ ጤነኞች ናቸው።

አሁን ወደ ጓሯችን እንመለስ። የቱሊፕ ራስ በየዓመቱ ይሞታል። አብቦ ሲጨርስ እናቲቱ ትሟሽሽና በምትኳ ግልገሎች ትተዋለች፤ ከእነርሱ አንዱ በሚቀጥለው ዓመት ለማበብ የሚበቃው በቂ ቅጠል፣ በቂ ፀሐይና ከዚያ በኋላ ደረቅና ሞቃት በጋ ካገኘ ነው። የሜሪላንድ በጋ ሞቃት ቢሆንም እርጥብ ነው፤ የለንደንም ሆነ የስቶክሆልም በጋ ለዚህ አይመችም። ሆላንዳውያን ራሳቸው በበጋ ራሶቹን ነቅለው በመጋዘን በሙቀት ያደርቋቸዋል። በሃርለምና በላይደን መካከል ባለው አሸዋማ መሬት በኤፕሪል መጨረሻ የሚያልፍ ሰው፣ መኪና አበባውን ከአንገቱ እየቀነጠሰ ቀዩንና ቢጫውን ሲያራግፍ ሊያይ ይችላል፤ እንግዳ ሰው ያዝናል፣ ገበሬው ግን የሚሸጠው ከመሬት በታች ያለውን ራስ ነውና አበባው ለእርሱ የምግብ ሌባ ነው።

ስለዚህ ቱሊፕ የሚመርጥ ሰው እንደ አንድ ዓመት ተክል ቆጥሮ ቢገዛው ቅር አይለውም። ከዚያ የተሻለ ዕድሜ የሚፈልግ ከሆነ የሚመረጡት ሁለት ወገኖች ናቸው፦ አንደኛው ረጃጅሞቹና ትልልቅ አበባ ያላቸው ዳርዊን ዲቃላ የሚባሉት፣ ለምሳሌ ቀዩ አፔልዶርን፣ ሲሆኑ በደህና መሬት ሦስትና አራት ዓመት ይመለሳሉ። ሁለተኛው ቁመታቸው ከአንድ ስንዝር ብዙም የማያልፍ የዱር ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ታርዳና ክሉሲያና፣ ናቸው፤ ድንጋያማና ፀሐያማ ጥግ ካገኙ እየበዙ ይሄዳሉ። ጠርዛቸው የተሸነሸነና ድርብርብ የሆኑት ግን ለፎቶግራፍ እንጂ ለዕድሜ አልተፈጠሩም። ድብልቅ ከረጢትን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ አይግዙ። አንዱ በኤፕሪል መጀመሪያ፣ ሌላው በሜይ ያብብና መደቡ አንድም ቀን ሞልቶ ሳይታይ ያልፋል።

ዳፎዲል፦ ተክሎ ለመርሳት

የዳፎዲል ወገን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ናርሲሰስ፣ በብዛት የሚገኘው በስፔንና በፖርቱጋል ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች የለመዱት ተራራማ መስክና የወንዝ ዳር ስለሆነ እርጥበትን ከቱሊፕ ይልቅ ይታገሣሉ። ራሱ ደግሞ አይሞትም፤ ከዓመት ዓመት እየወፈረ ከጎኑ ግልገል ይጨምራል፣ ከአሥር ዓመት በኋላም አንዱ ራስ ቁጥቋጦ ሆኖ ይገኛል። አበባው እየቀነሰ ከመጣ ምክንያቱ መጨናነቅ ነውና ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ነቅሎ መከፋፈል ይበቃዋል።

ትልቁ ብልጫው ግን መርዙ ነው። በራሱም በቅጠሉም ላይኮሪን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለ ሽኮኮም፣ አይጥም፣ አጋዘንም አይነካውም። አጋዘን በየምሽቱ ከጫካ በሚወጣባቸው የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሰፈሮች ይህ ብቻውን ምርጫውን ይወስናል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ይኸው መርዝ ለቤታችን ማስጠንቀቂያ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች በምግብ ዝግጅት ትምህርት ላይ የዳፎዲል ራስ ከሽንኩርት ጋር ተቀላቅሎ ሾርባ ውስጥ ገብቶ ታመዋል። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት በከረጢት በሚገዛ ቤት፣ አንዱ ሲከትፍ ሌላው ሲያቀብል፣ ይህ የሚሆን ነገር ነውና የአበባውን ከረጢት ከወጥ ቤት አርቆ ጋራዥ ውስጥ ማንጠልጠል ይገባል። የሚገርመው፣ ጋላንታሚን የሚባለው የመርሳት በሽታ መድኃኒት የሚገኘው ከዳፎዲልና ከዘመዶቹ ነው፤ መጀመሪያ የተጠናው ስኖውድሮፕ ከሚባለው ትንሽ ነጭ አበባ ሲሆን ዛሬ ከዳፎዲልም ይጨመቃል።

ዓይነቱን ሲመርጡ ስሙን ብቻ አይመኑ። በ1899 የታወቀው ኪንግ አልፍሬድ ስሙ ስለሚሸጥ ብቻ ሌሎች ትልልቅ ቢጫዎች በእርሱ ስም ከረጢት ውስጥ ይገባሉ፤ ለጓሮ ልዩነቱ ብዙ አይደለም፣ ነገር ግን ለስሙ ተጨማሪ መክፈል ከንቱ ነው። ለማሰሮና ለመደብ ጠርዝ ቴት አ ቴት የሚባለው ድንክ ተመራጭ ነው፤ ነፋስ አያጎብጠውም፣ ከአንድ ራስም ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት አበባ ያወጣል። አንድ ጉድለት ልናገር፦ ተቆርጦ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ሲገባ ከአንገቱ የሚንጠባጠበው ለሃጭ ሌሎችን አበቦች ቶሎ ያጠወልጋል። ከቱሊፕ ጋር ለማቀናጀት የሚፈልግ አስቀድሞ ለብቻው ጥቂት ሰዓት በውኃ አቁሞ፣ ግንዱን ዳግመኛ ሳይቆርጥ ያዛውረው።

ሃያሲንት፦ ለሽታ፣ ለመስኮት

ሃያሲንት ከደቡብ ቱርክ፣ ከሶርያና ከሊባኖስ የመጣ ሲሆን በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሃርለም ነጋዴዎች ዘንድ ከቱሊፕ ያላነሰ ግርግር አስነሥቶ ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ወዳጅ ማዳም ደ ፖምፓዱር በክረምት በመስተዋት ብርሌ ታሳብበው እንደነበር ይነገራል፤ ብርሌው አንገቱ ጠባብ ሆኖ ራሱን ከላይ ይይዛል፣ ሥሩ ከታች ወደ ውኃው ይወርዳል። ዛሬም ለዚህ አበባ ከሁሉ የሚሻለው አሠራር ይኸው ይመስለኛል። መደብ ላይ ሲተከል በመጀመሪያው ዓመት በአበባ የታጨቀ ዘንግ ይሆናል፣ በተከታዩ ዓመት ግን አበባው እየሳሳ ይመጣል፤ እኔ ስስ ሲሆን ይበልጥ እወደዋለሁ፣ ለዝናብም አይንበረከክም።

ብርሌ ውስጥ ለማሳበብ «የተዘጋጀ» ተብሎ የሚሸጠውን መግዛት ያስፈልጋል፤ አስቀድሞ በሙቀት የታከመ ስለሆነ ፈጥኖ ያብባል። ውኃው የሃያሲንቱን ራስ ቂጥ ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ማቆም ይገባል፤ ከነካው ይበሰብሳል። ለአሥር ሳምንት ያህል 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ጨለማ ቦታ ይቀመጥና ቡቃያው የአውራ ጣት ቁመት ሲያህል ወደ መስኮት ይወጣል። ራሱን በባዶ እጅ የሚነካ ሰው ቆዳው ይበላዋል፤ ምክንያቱ በልጣጩ ያሉት መርፌ መሰል ጥቃቅን የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች ናቸውና ጓንት ያድርግ። ሽታውም ኃይለኛ ነው። ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ሦስት ራስ በአንድ ጊዜ ሲያብብ የዕጣን ያህል ክፍሉን ይሞላዋል፤ ራስ ምታት ያለበት ሰው አንድ ይበቃዋል።

ትንንሾቹ

ክሮከስና ስኖውድሮፕ ከላይ ካሉት ሁሉ ቀድመው፣ አንዳንዴም በረዶውን ሰንጥቀው የሚወጡ ናቸው። ክሮከስ ለሣር መስክ ይስማማል፤ ሽኮኮ ይወደዋልና ቶማሲኒያኑስ የተባለውን ዝርያ መምረጥ ይሻላል። ሳፍሮን የሚገኝበት ክሮከስ ግን የሚያብበው በመጸው ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም። ስኖውድሮፕ ቅጠላማ ዛፍ ሥር ጥላ ይወዳል፤ ራሱ ፈጥኖ ስለሚደርቅ በከረጢት ከሚሸጠው ይልቅ ካበበ በኋላ ከነቅጠሉ የሚሸጠውን ወዲያው መትከል ይሻላል።

እንደሚኖሩበት አገር

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጀርመን፣ በስዊድን ወይም በእንግሊዝ ለሚኖር አንባቢ ብርዱ በቂ ነውና ጥያቄው የዕድሜና የአውሬ ብቻ ነው። መሬቱ የራሱ ለሆነና ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ ዳፎዲል፣ ለተከራየ ወይም በረንዳ ብቻ ላለው በማሰሮ የሚተከል ቱሊፕ እመርጣለሁ። ማሰሮ ውስጥ አሸዋ ቀላቅሎ ማንጠፍጠፍም፣ ከላይ በሽቦ መረብ ሸፍኖ ሽኮኮን መከልከልም ቀላል ነው። ካናዳ፣ ኦታዋ ላለ ሰው ቱሊፕ የከተማው መለያ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚያ ተጠልላ የነበረችው የሆላንድ ልዕልት ዩሊያና በ1945 ምስጋናዋን የገለጸችው 100,000 ራስ በመላክ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የረኃብ ክረምት፣ የአገሯ ሕዝብ ያንኑ ራስ ቀቅሎ ይበላ ነበር።

እስራኤል ላሉት ምርጫው ይገለበጣል። በባሕር ዳርቻው ሜዳ ክረምቱ ቱሊፕን የሚያረካ ብርድ ስለሌለው ራሱን ከ12 እስከ 16 ሳምንት ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ግድ ይሆናል። አገሬው ናርኪስ የሚለው በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ ነጭ አበባ የሚያወጣው ናርሲሰስ ግን እዚያው በዱር የሚበቅልና ከክረምቱ መጀመሪያ ጀምሮ የሚያብብ ነው፤ በመኃልየ መኃልይ «የሳሮን ጽጌ ረዳ» የተባለው እርሱ ነው የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። ከዱር መንቀል በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ከችግኝ ጣቢያ ይገዛል።

አዲስ አበባ ለሚገኙ ዘመዶች ራስ በሻንጣ ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ሰው፣ የዕፅዋት ማስገቢያ ፈቃዱን ጉዳይ ከጨረሰ በኋላ፣ ልቡን ከቱሊፕ ያንሣ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም የቀኑ ፀሐይ አፈሩን መልሶ ያሞቀዋል፤ በማቀዝቀዣ ከርሞ ቢያብብ እንኳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ብርድ የማይጠይቀው ነጩ ፔፐርዋይት ናርሲሰስ ይሻላል። ከዚያም በላይ በአገራችን ገጠር «የጅብ ሽንኩርት» ከሚባሉት ዓይነት ራስ ያላቸው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካቸው ባዶ መሬት ሰንጥቀው የሚያብቡ የራሳችን ዝርያዎች አሉ፤ የእነርሱ መቀስቀሻ ዝናብ እንጂ ውርጭ አይደለም።

አተካከሉ

ከረጢት ውስጥ እጅዎን ከተው ራሱን ጫን ያድርጉት፤ እንደ ጥሩ ነጭ ሽንኩርት ጠጣር መሆን አለበት። የሚለሰልስ ወይም ሰማያዊ ሻጋታ ከልጣጩ በታች ዘልቆ የገባበት ይጣል። ትልቅ ራስ ትልቅ አበባ ያወጣል፤ በከረጢቱ ላይ ለቱሊፕ 12 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ዙሪያ የሚል ከተጻፈ ዋጋው የሚገባው ነው።

ዳፎዲልና ክሮከስ ሥር ለመስደድ ጊዜ ስለሚፈልጉ በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር ይተከላሉ። ቱሊፕ ግን እስከ ኖቬምበር ቢዘገይ ይጠቅመዋል፤ አፈሩ ሲበርድ «የቱሊፕ እሳት» የሚባለው፣ ቅጠሉን የተለበለበ የሚያስመስለው የፈንገስ በሽታ ይዳከማል። ጥልቀቱ የራሱ ቁመት ሦስት እጥፍ ነው፦ ለቱሊፕና ለዳፎዲል 15 ሴንቲሜትር ወይም ትንሽ በለጥ፣ ለክሮከስ 8 ያህል። ሹሉ ወደ ላይ ይሁን። የአጥንት ዱቄት ከሥሩ መጨመር በመጽሐፍ ሁሉ ይመከራል፤ እኔ ግን ሽታው የጎረቤቴን ውሻ ጠርቶ መደቡን ካስቆፈረብኝ በኋላ ትቼዋለሁ።

ማቀዝቀዣ ለሚጠቀሙ አንድ ነገር ይታወቅ። ፖም፣ ሙዝና ሌላ የሚበስል ፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በአበባው ራስ ውስጥ ያለውን ገና ያልወጣ እንቡጥ ይገድለዋል። ራሶቹ በወረቀት ከረጢት፣ ፍሬ በሌለበት ማቀዝቀዣ ይቀመጡ።

አበባው ከጠወለገ በኋላ አናቱ ብቻ ይቀነጠሳል፣ ግንዱና ቅጠሉ ይቀራል። ቅጠሉን ቢያንስ ስድስት ሳምንት፣ ቢጫ ሆኖ በገዛ ራሱ እስኪተኛ ድረስ፣ አለመንካት ከሁሉ የሚከብደው ነገር ነው፤ ሣር አጫጅ የቀጠረ ሰው ያን መደብ በገመድ ያጥረው። እኔ ዳፎዲሉን ቁመቱ ከሚረዝም ሌላ አበባ ኋላ ስለተከልኩት የሚረግፈው ቅጠል ከቤት አይታየኝም፤ ቱሊፖቹን ግን በሰኔ ነቅዬ ለማዳበሪያ ጉድጓድ እሰጣቸዋለሁ፣ በኦክቶበርም እንደገና እገዛለሁ።